ሥልጣኑ የማን ነው ብለሽ ጀምሪ

ልጄ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሥራ መጀመርሽን ሰማሁ። ጊምቢም ተመደብሽ ነጆ፣ ሻምቡም ሄድሽ ደምቢ ዶሎ፣ ጠዋት ቢሮ ስትከፍቺ በሩ ላይ የሚጠብቅሽ አንድ ዓይነት ሰው ነው። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጧል፤ ከሌሊት ተነሥቶ በእግሩ መጥቷል፤ “ይህ እኛን አይመለከትም” የሚለውን መልስ ሌላም ሌላም ቦታ ሰምቶታል። ዕድሜዬን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስለጨረስኩ ይህን ሰው አውቀዋለሁ። መብቱን አላጣም፤ በሩን ነው ያጣው። በወለጋ የሚኖር ሰው በሁለት መንግሥት፣ በፌዴራሉና በኦሮሚያ ክልል፣ ይተዳደራል፤ የትኛው በምን ላይ እንደሚያዝ ሰልፍ ከመያዙ በፊት የሚነግረው ግን የለም። ከእንግዲህ የምትነግሪው አንቺ ነሽና የማውቀውን እነሆ።

1. ሦስት ቁጥር በቃልሽ ያዢ፦ 51፣ 52 እና 55።

ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ አለው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ሁሉንም ባትሸመድጂው አይፈረድብሽም። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን አንድ በአንድ ይቆጥራል፦ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብና ብሔራዊ ባንክ፣ የአየርና የባቡር ትራንስፖርት፣ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶች፣ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን፣ የክልሎች የእርስ በርስ ንግድ፣ ፓስፖርት፣ ዜግነት፣ የጦር መሣሪያ መያዝ፣ ሌላም ሌላም። አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ የሚያወጣባቸውን ጉዳዮች ይዘረዝራል። አንቀጽ 52 አጀማመሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጉልበቱ ግን ከሁሉ ይበልጣል፦ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልሉ ነው ይላል።

እንግዲህ ጉዳይ ጠረጴዛሽ ላይ ሲቀርብ መጀመሪያ 51ን ግለጪ። እዚያም 55 ላይም ካጣሽው ጉዳዩ የኦሮሚያ ነው፤ ከአዲስ አበባ ፈቃድ እስኪመጣ እንጠብቅ የሚል አለቃ ቢገጥምሽ በትሕትና አንቀጹን አሳዪው። አሜሪካኖችም ያልተጠቀሰውን ሥልጣን ለክፍለ ግዛቶቻቸው ነው የተዉት። ካናዳና ህንድ ግን የተረፈውን ለማዕከሉ ሰጥተዋል። ፌዴሬሽን የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስልሽ።

2. አንድ ጆንያ ጀንፈል ቡና ተከተዪ።

ክፍፍሉን ከመጽሐፍ ይልቅ ከቡና ብትማሪው ይሻላል። በጊምቢ አካባቢ ከአንድ ገበሬ ጓሮ እንጀምር። መሬቱ በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፣ አይሸጠውም። የመሬት ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው ደግሞ ክልሉ። ስለዚህ የገበሬው የይዞታ ደብተር በሁለት ሕግ ላይ ቆሟል፦ በፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ማለትም በ1997 በቁጥር 456 በወጣውና በ2016 በአዋጅ 1324 በተተካው፣ እንዲሁም በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ። ደብተሩን የሚሰጠውና የሚመዘግበው፣ ወሰን ሲገፋም መጥቶ የሚለካው የክልሉ መሥሪያ ቤት ነው። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውና የእርሻ ገቢ ግብሩም ለክልሉ ይገባል።

ገበሬው ቡናውን አድርቆ ለሰብሳቢ ሸጠ እንበል። ሰብሳቢው በግሉ የሚነግድ ከሆነ የትርፍ ግብሩ የክልሉ ነው። ነገ ከወንድሞቹ ጋር ኩባንያ ቢያቋቁም ግን የኩባንያው የትርፍ ግብር በአንቀጽ 98 የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ገቢ ይሆናል። ሚዛኑ ያው፣ መጋዘኑ ያው፣ ሰውየውም ያው፤ የግብሩ ባለቤት ተለወጠ።

ጆንያው መኪና ላይ ወጣ። ከገበሬው ቀበሌ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጭቃ የክልሉና የወረዳው ራስ ምታት ነው። በነቀምቴ በኩል አዲስ አበባ የሚገባው አስፋልት ግን፣ ከነቀምቴ ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው፣ የፌዴራሉ ነው። መንገድ ላይ ገመድ ወጥሮ ከጫነ መኪና ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ በየትኛው ሕግ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ በክልሎች መካከል የሚደረግን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን አንቀጽ 51 ለፌዴራሉ ነው የሰጠው። ቡናው በምርት ገበያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ጊምቢ ላይ መጋዘን አለ። ምርት ገበያው የተቋቋመው በፌዴራል አዋጅ 550/1999 ነው። እዚያ ደረጃ ይወጣለታል፤ የወለጋ ቡና ከነቀምቴ ስም በመጣው “ለቀምቲ” በሚለው መጠሪያ ወደ ዓለም ገበያ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የላኪው ፈቃድ፣ ጉምሩኩ፣ ዶላሩን የሚመለከተው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ጉዞ፣ የፌዴራል ጉዳይ ነው።

ገበሬው መጥቶ “ወሰኔን ጎረቤቴ ገፋብኝ” ካለሽ ያንቺው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዛሬውኑ መዝግቢለት። “የውጭ ምንዛሪ ሕጉ ተለውጦ ቡናዬ ዋጋ አጣ” ካለሽ ግን ወረዳው ምንም ማድረግ አይችልም። ያን ጊዜ በፓርላማ የወከለውን ሰው ስም ንገሪው። ስሙን የማያውቅ ብዙ ነው፤ አንቺ ግን ግድግዳሽ ላይ ለጥፊው።

3. ትዳር የክልል፣ ዱላ የፌዴራል።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር፤ የቤተሰቡም ራስ ባል ነበር። በ1992 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ 213 ሲያወጣ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ ባልና ሚስት እኩል ሆኑ። በሬዲዮ የሰማ ሁሉ ሕጉ ለአገሩ በሙሉ የወጣ መሰለው። ሕጉ ግን የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር፤ የቤተሰብ ጉዳይ ለፌዴራሉ ተለይቶ አልተሰጠምና የየክልሉ ነው። ጨፌ ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 69ን፣ ያወጣው በ1995 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት የአዲስ አበባዋና የነቀምቴዋ ሙሽራ በአንድ አገር ውስጥ በሁለት የጋብቻ ሕግ ኖሩ። ክልል ሥልጣን ይዞ ሲዘገይ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ወንጀል ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው። ባልና ሚስት ነቀምቴ ላይ ቢፋቱ ንብረታቸው የሚካፈለው በጨፌው ሕግ ነው፤ ባል ሚስቱን ከደበደበ ግን የሚከሰሰው በፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ምንም እንኳ ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም የክልሉ ቢሆኑ።

ስለ እኛ ስለ ሽማግሌዎችም አንድ ነገር ልበል። አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህልና በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። ሚስት “በሽማግሌ አልዳኝም፣ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ” ካለች የሽማግሌዎቹ ጉባኤ፣ ጃርሱማው፣ ልብሱን አራግፎ ይነሣል። “የአገር ባህል ነው” ብለው ሊያባብሏት ሲሞክሩ ካየሽ፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል እኔ ብኖርም እንኳ፣ አንቀጹን አንብቢልን።

4. ሕግ የሚወጣበትን መንገድ ከመነሻው እወቂ።

ሰው ስለ አዲስ አዋጅ የሚሰማው ከጸደቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማጉረምረም እንጂ ሌላ አይቀረውም። በፌዴራል ደረጃ ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚኒስቴር ይነሣል፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውይይት ይደረግበታል፣ ከዚያ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይላካል። ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው፤ ሕገ መንግሥቱ ከ550 እንዳይበልጥ ብሏል፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 20ው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ነው። የሥራ ዘመኑ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ረቂቁ በመጀመሪያ ንባብ ለጉባኤው ይቀርብና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ባለጉዳዮችን፣ ባለሙያዎችንና ያረቀቀውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ያወያያል፤ አንዳንድ ቃል ይለወጣል፣ አንዳንድ አንቀጽ ይወጣል። መስኮቱ የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው። የቡና ገበሬ ማኅበርም ሆነ የመምህራን ማኅበር ደብዳቤ መጻፍ ያለበት ረቂቁ ኮሚቴ ፊት ባለበት በእነዚያ ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ንባብ፣ ክርክር፣ ድምፅ። ከግማሽ በላይ አባላት ከተገኙና ከተገኙት አብላጫው እጁን ካነሣ ሕግ ሆነ።

ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ። ባይፈርሙስ? ሕጉ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሕግ መልሶ መላክ ይችላል፤ የእኛው ያ ሥልጣን የለውም። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ረቂቅ አዋጅ አያጸድቅም፣ አይጥልም። በጀርመን የክልሎች ምክር ቤት በሕግ ማውጣት ሥራ ውስጥ እጁ አለበት፤ የእኛው ሌላ ሥራ ነው የተሰጠው፣ እመጣበታለሁ። በመጨረሻ አዋጁ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል።

በክልሉ ደግሞ ሕግ አውጪው ጨፌ ኦሮሚያ ነው፤ ሕጉ የሚታተመው በመገለታ ኦሮሚያ ነው። የጨፌ ስም ሲነሣ በሆሮ ጉዱሩ ያለውን ኦዳ ቡሉቅን አስቢ፤ ገዳ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ሲያስረክብ ከዛፉ ሥር ሕግ ይመከርበትና በሕዝብ ፊት ይታወጅ ነበር። ሕግ በአደባባይ የሚወጣ ነገር መሆኑን ወለጋ ከፈረንጅ አልተማረም።

ቁጥር ማየትም ልመጂ። የካቲት 23 ቀን 2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማጽደቅ ተሰብስቦ ነበር። ተራ ሕግ ቢሆን አብላጫ ይበቃው ነበር፤ አንቀጽ 93 ግን ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። በመጀመሪያ 346 ደገፉ፣ 88 ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ ተባለ። ያኔ 539 አባላት ነበሩ፤ የሁለት ሦስተኛውን ሒሳብ የሠራ ሰው 346 እንደማይሞላ ወዲያው አየ። በኋላ የደጋፊው ቁጥር 395 ነው ተብሎ ታረመ። ስለ ቆጠራው የተባለውን ሁሉ ለሌላ ጊዜ እንተወው። እኔ ከሁሉ ያስገረመኝ 88ቱ ነው። ወንበሩ በሙሉ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ በተያዘበት ምክር ቤት ያን ያህል ሰው በካሜራ ፊት ለተቃውሞ እጁን ሲያነሣ አይቼ አላውቅም ነበር። ሕገ መንግሥቱ ተወካይ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዢ ነው ሲል ያን ቀን እውነት መሰለኝ።

5. “መመሪያ ነው” ሲሉሽ ቁጥሩን ጠይቂ።

ሕግ ደረጃ አለው፦ ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ። አዋጅ የምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወይም የክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት፤ መመሪያ ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት። የታችኛው የላይኛውን አይሽርም። ቢሮ ውስጥ ግን የምታገኚው ተገላቢጦሹን ነው። ባለጉዳይ አዋጅ ይዞ ይመጣል፣ ጸሐፊው “ከላይ መመሪያ መጥቷል” ይለዋል፤ መመሪያው የት ነው ሲባል “በቃል ነው” ወይም “በስብሰባ ተነግሮናል”። ማኅተም የሌለው፣ ቀን የሌለው፣ ያወጣው ሰው ስም የሌለው ነገር አገር ሲያስተዳድር ኖሯል።

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን በተመለከተ አዋጅ 1183/2012 ይህን ለማስቆም የወጣ ነው፦ መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ከወጣም በኋላ እንዲመዘገብና በይፋ እንዲገለጥ ያዝዛል። በክልል መሥሪያ ቤት ላይ ያ አዋጅ በቀጥታ አይሠራም። ቢሆንም አንቺ በራስሽ ጠረጴዛ ላይ ልማድ አድርጊው፤ የተከለከለ ሰው የተከለከለበትን ወረቀት ቁጥር ጽፈሽ ስጪው። አለቃሽ አይወድልሽም። ቁጥር የያዘ ባለጉዳይ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ቃል የያዘ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

6. ዞን አልተመረጠም።

በኦሮሚያ ወረዳና ቀበሌ የተመረጠ ምክር ቤት አላቸው። ዞን የለውም፤ የምሥራቅ ወለጋ፣ የምዕራብ ወለጋ፣ የቄለምና የሆሮ ጉዱሩ ዞኖች የክልሉ ቅርንጫፍ ናቸው። በአማራ ክልል አዊን የመሰሉ የብሔረሰብ ዞኖች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፣ የእኛ እንደዚያ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። የወረዳው ምክር ቤት በወሰነው ጉዳይ ዞን በስልክ ሲያዝሽ ማን በሕዝብ ድምፅ እንደተቀመጠ አስታውሺ።

7. ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ዳኛ አይደለም።

ይህን ብዙ የሕግ ተማሪም ይስተዋል። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ በአንቀጽ 62 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ወኪል የሚልክበት። ክርክሩ መጀመሪያ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል፦ 11 አባላት፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት ከፌዴሬሽን ምክር ቤቱ። በ2012 ኮሮና ምርጫውን ሲያስቀር የመንግሥት ዘመን ማለቁን እንዴት እንፍታው የተባለው በዚህ መንገድ ነው፤ ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን 2012 ወሰነ፣ ምርጫው በዓመቱ ሰኔ 14 ተደረገ። ፖለቲከኞች ያስተረጉሙትን አንቀጽ ፖለቲከኞች ሲተረጉሙት አይመቸኝም፤ በጽሑፍ የተቀመጠው ግን ይኸው ነው።

የክልል ወሰን ጭቅጭቅም፣ ክልሎቹ በራሳቸው መስማማት ካቃታቸው፣ ወደዚያው ምክር ቤት ይሄዳል፤ አንቀጽ 48 በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስን ይላል። በ2011 መጀመሪያ ከጎረቤት ክልል ከካማሺ ዞን የተፈናቀለው ሕዝብ ነቀምቴ ሲገባ ያየ ሰው ሁለት ዓመት ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያውቃል።

ለተራ ክርክር ደግሞ ይህን ያዢ፦ ነቀምቴ ላይ የፌዴራል ጉዳይ የገጠመው ሰው አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለበትም። በውክልና የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ይዘው ይሠራሉ። “እኔ አዲስ አበባ መስመር አለኝ” እያለ ገንዘብ ከሚቀበል ደላላ ጋር እንዳትወግኚ፣ ባለጉዳይም እንዲከፍለው እንዳታደርጊ።

8. በቃል የተሰጠ ሥልጣን በቃል ይወሰዳል።

ነቀምቴ ያለውን የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ለልጆች ሲያስጎበኙ ስለ በሩና ስለ አዳራሹ ይነግሯቸዋል። ለአንቺ ሌላው ወሬ ይበልጥ ይጠቅምሻል። ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ በሰላም ገብሮ የለቃ ነቀምቴን የውስጥ አስተዳደር በእጁ አቆየ፤ ልጁ ደጃዝማች ኩምሳም ያንኑ ወረሱ። ብዙው ሌላ አገር የነፍጥ ሹም ሲወርድበት ነቀምቴ በራሷ ባላባት ቆየች። ያን መብት የሚጠብቅ አንቀጽ ግን አልነበረም፤ የጠበቀው የሁለት ሰዎች መተማመንና የግብሩ መጠን ነበር። በኃይለ ሥላሴ ዘመን ማዕከሉ ሲጠነክር ቀስ በቀስ አለቀ። ያኔ የሚከሰስም አልነበረም፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በተባለበት ዘመን ማንን ትጠይቂያለሽ?

ወረቀት ብቻውን ይበቃል እንዳልልሽ ደግሞ ኤርትራ አለች። በ1945 መስከረም በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራ ነበራት። አንዱ ከሌላው እየተገፈፈ ሄደ፣ ኅዳር 1955 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠላሳ ዓመት አንቺ በትምህርት፣ እኛ በሬሳ ቆጠራ ነው የተማርነው።

9. ገንዘቡንና ፓርቲውን ተከታተዪ።

ነቀምቴ ውስጥ ሁለት መምህራን አንድ ቤት ተከራይተው ቢኖሩ፣ አንዷ በከተማው ትምህርት ቤት፣ አንዷ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ብታስተምር፣ የመጀመሪያዋ የደመወዝ ግብር ለኦሮሚያ፣ የሁለተኛዋ ለፌዴራሉ ይገባል። ሕጉ እስከዚህ ድረስ ለይቷል። ትልልቁ ገቢ ግን፣ በተለይ ጉምሩኩ፣ ፌዴራሉ ዘንድ ነው፤ ክልሎች ከራሳቸው ገቢ በላይ የሚያስፈልጋቸውን በድጎማ ያገኛሉ፣ የድጎማውን ቀመር የሚወስነውም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሰጠ እጅ ማዘዝ ይወዳል።

ከገንዘቡ በላይ ግን ፓርቲው ነው። በ2007 ምርጫ 547ቱም ወንበር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ። አንድ ፓርቲ ላይም ታችም ሲቀመጥ አንቀጽ 52 ሳይሻር ይተኛል፤ ወረዳው ክልሉን፣ ክልሉ ማዕከሉን ቀና ብሎ ያያል። አንቀጹ ግን ዛሬም እዚያው ነው። የሚያነሣው ሰው ነው የሚጠብቀው።

10. በክፉ ቀን ማን ፈረመ ብለሽ ጠይቂ።

ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ጠፋ። ልደትና ሞት በመንገደኛ ይነገር ነበር፤ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የእናቱን መቀበር ከተቀበረች በኋላ ይሰማ ነበር። ቴሌኮም በአንቀጽ 51 የፌዴራል ነው፤ ወረዳው ቢለመን ምን ያመጣል? ሰው ግን የሚጮኸው በቅርቡ ባለው ቢሮ ላይ ነበር።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በአንቀጽ 93 መንገድ አለው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጃል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ይቀርብለታል፤ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል፤ የታሰሩትም ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ይሆናል። ለወረርሽኝና ለተፈጥሮ አደጋ ክልሉም በክልሉ ማወጅ ይችላል። “ኮማንድ ፖስት” የሚል ቃል ግን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አታገኚም። ወለጋ በእነዚህ ዓመታት ከታጠቀው ወገን ሁሉ የቀመሰውን፣ ኦሮሞውም አማራውም ያለቀሰውን ታውቂያለሽ፤ አልዘረዝርልሽም። የታሰረ ሰው ቤተሰብ ቢሮሽ ቢመጣ የምትነግሪው አንድ ነገር አለ፦ አዋጅ ታውጆ ካልሆነ በስተቀር አንቀጽ 19 በሥራ ላይ ነው፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት እዚያው ፊትሽ ያጽፉ።

11. ስለ ማሻሻያ ሲነሣ አንብበሽ ግቢ።

አሁን አሁን ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል፣ አይነካ የሚል ክርክር በየሻይ ቤቱ አለ፤ ለአገራዊ ምክክሩም በ2014 በአዋጅ 1265 ኮሚሽን ተቋቁሟል። ወደ ስብሰባ ከተጠራሽ ከመግባትሽ በፊት አንቀጽ 104ንና 105ን ተመልከቺ። የመብትና የነፃነት ምዕራፍ የሚሻሻለው ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ሲያጸድቁት ነው፤ አንድ ክልል እንቢ ካለ ይቀራል። ለሌላው ክፍል የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልሎች ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይበቃል። ከመድረክ ተነሥቶ “ይህን አንቀጽ ነገ እናወጣዋለን” ለሚል ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ጥያቄሽ አጭር ይሁን፦ አንቀጹ በየትኛው ምዕራፍ ነው? ስንት ክልል ተስማምቷል?